ተፈናቃዮችን በቤታቸው የተቀበሉ ቤተሰቦች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ መግባቱ በሀገራችን ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ባህል ነው። ይህ ባህል በግጭት፣ በድርቅና በጎርፍ ምክንያት ከቀያቸው ለተፈናቀሉ ወገኖችም መጠጊያ ሆኗል። ተፈናቃዮችን ከተቀበሉት መካከል በአንድ ክፍል ቤት የሚኖሩ፣ የዓመት ቀለባቸው ከመኸር እስከ መኸር የማያደርሳቸው ቤተሰቦች ይገኙበታል።

ይሁን እንጂ መንገደኛ በማግስቱ መንገዱን ይቀጥላል፤ ተፈናቃይ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። ከመጠለያ ጣቢያ ውጭ በቤተሰብ መካከል የሚኖር ተፈናቃይ ካልተመዘገበ ድጋፍ ሳይደርሰው ሊቀር፣ ሸክሙም በተቀባዩ ቤተሰብ ላይ ብቻ ሊወድቅ ይችላል።

የሕግ መሠረት

የሀገር ውስጥ ተፈናቃዮችን ለመጠበቅና ለመርዳት የተደረገው የአፍሪካ ኅብረት ስምምነት (የካምፓላ ስምምነት) በ2002 ዓ.ም. የተደረገ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃዋለች። በስምምነቱ አንቀጽ 9 መሠረት መንግሥት ለተፈናቃዮች ምግብ፣ ውኃ፣ መጠለያ፣ ሕክምና፣ ትምህርትና ሌሎች አስፈላጊ አገልግሎቶችን በተቻለ መጠን ያለመዘግየት የማቅረብ ግዴታ አለበት። እንደ አስፈላጊነቱም ይኸው ድጋፍ ለተቀባዩ ማኅበረሰብ እንዲደርስ ይደነግጋል። ስለሆነም ተቀባይ ቤተሰብ ችግሩን ለአስተዳደር አካል ማስረዳቱ የለጋስነቱን ክብር አይቀንስም።

ምዝገባ

ተቀባዩ ቤተሰብ የተቀበላቸውን ሰዎች ብዛት፣ ዕድሜና የመጡበትን አካባቢ ለቀበሌው አስተዳደር ሊያሳውቅ ይገባል። ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ሕመምተኛ ካለ በተለይ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ወገኖች በስምምነቱ ልዩ ጥበቃ የሚደረግላቸው ናቸውና። በተፈናቃዩ ስም የሚሰጥ ድጋፍ የተፈናቃዩ ነው፤ ተቀባዩ ቤተሰብ የራሱን ችግር ለይቶ ያቀርባል።

የጠፉ ሰነዶች

በስምምነቱ አንቀጽ 13 መሠረት ተፈናቃዮች መታወቂያን፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀትን የመሳሰሉ ሰነዶችን የማግኘት መብት አላቸው። ሴቶችም ሆኑ ከቤተሰባቸው የተለዩ ሕፃናት ሰነዱን በራሳቸው ስም ያገኛሉ። በተቀባዩ ቤት የተወለደ ሕፃን ልደቱ በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት።

ብቻቸውን የመጡ ሕፃናት

ከወላጆቹ ተለይቶ የመጣን ሕፃን የተቀበለ ቤተሰብ ሳይዘገይ ለፖሊስ ወይም ለወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይኖርበታል። ሕፃኑን ማሳወቅ ማለት አሳልፎ መስጠት ማለት አይደለም፤ ወላጆቹ እየፈለጉት ከሆነ የሚገኝበት መንገድ ይህ ነው። ሕፃኑን በቅን ልቦና ማሳደግ ብቻውን የወላጅነት መብት አያስገኝም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት ጉዲፈቻ የሚጸናው በፍርድ ቤት ሲጸድቅ ነው።

በቅድሚያ የሚቀርቡበት ቦታ

ተቀባይ ቤተሰቦችና ተፈናቃዮች በሚገኙበት ቀበሌ አስተዳደር በጋራ ቀርበው ቢመዘገቡ ይመረጣል። ሰነድ የሌለው ተፈናቃይም ሰነድ እስኪያገኝ ሳይጠብቅ ቀርቦ ሁኔታውን ማስረዳት ይችላል።