1780 የሚለው ጠገራ ብር ዕድሜው ስንት ነው?

አያቶቻችሁ ቤት፣ ከሣጥን ግርጌ በጨርቅ የተቋጠረ ጠገራ ብር አለ? ካለ አውጡትና ቁጥሩን አንብቡ። 1780 ይላል። ታዲያ «የ240 ዓመት ዕቃ አገኘሁ!» ብላችሁ ገዢ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት አንድ ነገር እንነጋገር።

1780 (እ.ኤ.አ.) ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። እሷ ሞተች እንጂ ብሩ አልሞተም። በኛ አገርና በቀይ ባሕር ማዶ ያለው ነጋዴ ይህን መልክ ለምዶ ሌላውን ስለሚጠራጠር፣ ቪየና ምስሉንም ዓመቱንም ሳትቀይር መቅረጿን ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ የመቅረጫውን ማኅተም ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ላይ ማስቀረጽ ጀመረ። በዓመቱ ለንደን ተከተለች። ፓሪስ፣ ብራሰልስና ቦምቤይም ቀርጸዋል። ሁሉም ላይ የተጻፈው ግን ያው 1780 ነው።

ስለዚህ ሰብሳቢዎች ዓመቱን አያምኑም። በአጉሊ መነጽር የጌጡን ዕንቁዎች፣ የንስሩን የጅራት ላባና የፊደሎቹን ቅርጽ እያነጻጸሩ የት እንደተቀረጸ ይለያሉ። ቀጥሎ ጉዳቱን ያያሉ፤ መጀመሪያ የሚያልቀው ከፍ ብሎ የወጣው ክፍል፣ ማለትም ፀጉሯና የንስሩ ደረት ነው። በብዛት የሚገኘው ዓይነት ዋጋው ውስጡ ካለው ንጹሕ ብር ብዙም አይርቅም። ብርቅዬው ግን እጅግ ይበልጣል።

እውነተኛ ብር መሆኑንስ? የአርኪሜድስ ዘዴ ቤት ውስጥ ይሠራል። ትክክለኛው 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ 83.3 በመቶው ብር፣ አብዛኛው ቀሪ መዳብ ነው። ውኃ ያለበትን ብርጭቆ የግራም ክፍልፋይ በሚያነብ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ከዚያ ብሩን በክር አስራችሁ፣ ታቹን ሳይነካ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ ወደ 2.75 ግራም ካነበበ ጥሩ ምልክት ነው። ናስ ቢሆን ኖሮ ከ3.2 በላይ ያሳይ ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ ስለ ብረቱ እንጂ ስለ ዘመኑ ምንም አይነግራችሁም።

አሁን ዋናው ነገር፦ እባካችሁ አትፈትጉት! እኔ ልጅ ሆኜ የአያቴን ጠገራ በአመድና በሎሚ አሽቼ እንደ መስታወት አበራሁት። እሷ መረቀችኝ። ዓመታት አልፈው ለአንድ ሰብሳቢ ሳሳየው በአጉሊ መነጽሩ አንዴ አየና «ማን ነው የፈተገው?» አለኝ። ጥቁረቱ ብር ከአየር ሰልፈር ጋር ሲዋሃድ ቀስ ብሎ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው፤ አመዱ እሱን ብቻ ሳይሆን የዕንቁዎቹንም ጠርዝ በልቶታል። ያ ብር ቪየና ይሁን ሮም የተቀረጸው፣ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

ስንቱ ጠገራ አንጥረኛ ቤት ቀልጦ መስቀልና አልቦ ሆኗል። የተረፈው እናንተ ጋ ካለ በጠርዙ ያዙት፣ ለስላሳ ወረቀት ውስጥ አኑሩት። ደግሞ አያታችሁን ጠይቁ፦ ከማን አገኙት? ምን ተሸጦበት? ይህን አጉሊ መነጽር አያነብም።