ሙዝ አይጠብቅም፣ አቮካዶ ይጠብቃል

ወዳጆቼ፣ አሜሪካ የምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን ጥያቄ ላከችልኝ። «መምህር፣ እዚህ የአቮካዶ ዋጋ በየሳምንቱ ይወጣል ይወርዳል። ሙዝ ግን ከመጣሁ ጀምሮ ያው ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም ከሩቅ አገር ነው የሚመጡት። ምክንያቱ ምንድን ነው?» ጥያቄው የገበያ ቢመስልም መልሱ ታሪክ ውስጥ ስላለ፣ ለሁላችሁም እንዲሆን እዚሁ ልመልሰው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅቷ የታዘበችው ትክክል ነው። በመላ አሜሪካ ሱቆች ያሉት ትሬደር ጆስ አንዱን ሙዝ በ19 ሳንቲም ሲሸጥ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ዋጋውን 23 ሳንቲም ያደረገው በ2024 ነው። በነዚያ ዓመታት ነዳጅ ስንቴ ወጣ፣ ስንቴ ወረደ፤ ስንት አውሎ ነፋስ መታ፤ ኮቪድ መጣ፣ ሄደ። ሙዝ ግን 19 ሳንቲም።

እስቲ መጀመሪያ ከተክሎቹ ጠባይ እንነሳ።

ሙዝ እንደ ሌላው ፍራፍሬ ወቅት ጠብቆ አይደርስም። አንዱ ግንድ አፍርቶ ሲቆረጥ ከሥሩ የበቀለው ልጅ ይተካዋል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ፣ በየሳምንቱ የሚቆረጥ አለ። ነገር ግን ቀኑ ከደረሰ ደረሰ ነው። ለሩቅ ገበያ የሚሄድ ሙዝ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ውፍረቱ ልክ ሲሆን መቆረጥ አለበት። ካለፈው እዚያው ተክሉ ላይ ይበስላል፣ ልጣጩም ይሰነጠቃል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሲሳይነቱ ለወፍ ነው።

አቮካዶ ተቃራኒው ነው። ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ የሚበስለው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ዛሬ ዓለምን የሞላው ሀስ የሚባለው ዝርያ ከደረሰ በኋላ እንኳ ለወራት ዛፉ ላይ መቆየት ይችላል። ዛፉ ራሱ ጎተራ ነው ማለት ነው። ገበሬው ዋጋው ካልጣመው «ቆይ» ይላል። የሙዝ ገበሬ ግን «ቆይ» የሚልበት ጊዜ የለውም።

ይህችን ልዩነት ያዙልኝ።

በ1870 ሎሬንዞ ዶው ቤከር የሚባል የመርከብ ካፒቴን ከጃማይካ 160 ዘለላ ሙዝ ጭኖ አሜሪካ ውስጥ ጀርሲ ሲቲ አራገፈ። ሸጦም ጥሩ አተረፈ። ያን ጊዜ ሙዝ ለአብዛኛው አሜሪካዊ ብርቅ ነበር። መርከቧ የምትሄደው በሸራ ስለሆነ ነፋስ ከጠፋ ጭነቱ ባሕር ላይ ይበሰብሳል። ነጋዴው በየጉዞው ቁማር ነበር የሚጫወተው።

ይህን ቁማር ያስቀረው በ1899 የተመሠረተው ዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ ነው። ቤከርና ሸሪኮቹ ያቋቋሙት የቦስተን ኩባንያ፣ ኮስታሪካ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ከሚዘረጋው ማይነር ኪዝ ጋር ተዋሐደ። ኪዝ በሐዲዱ ዳርና ዳር ሙዝ ያስተክል ነበር። አዲሱ ኩባንያ እርሻውን በአንድ አገር አልወሰነም፤ ኮስታሪካ፣ ኮሎምቢያ፣ ጃማይካ፣ ኋላም ጓቲማላና ሆንዱራስ በተነው። አውሎ ነፋስ አንዱን ቢመታ መርከቡ ወደ ሌላው ይዞራል። ፀሐይ እንዳያግላቸው ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ ማቀዝቀዣ ያላቸው መርከቦች አሰማራ። በ1913 ደግሞ ትሮፒካል ራዲዮ የሚባል የራሱን የራዲዮ ቴሌግራፍ ድርጅት አቋቋመ። ለምን መሰላችሁ? መርከቧ ወደብ የምትደርስበትን ቀንና እርሻው ላይ ሙዙ የሚቆረጥበትን ቀን ለማገናኘት ነው። «ልንደርስ ነው፣ ቁረጡ» ለማለት።

እንዲህ ሆኖ ሙዝ በሳምንት በሳምንት የሚደርስ፣ ዋጋው የማይደነግጥ ፍሬ ሆነ። ዛሬም አሠራሩ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ሙዙ በ13 ወይም 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ይጓዛል፤ ሲደርስ ማብሰያ ክፍል ይገባል፤ ትልልቅ ሱቆች ዋጋውን አብዛኛውን ጊዜ ለዓመት ይዋዋላሉ። ሱቆቹ ገዢ ከሚያስታውሳቸው ጥቂት ዋጋዎች አንዱ ሙዝ መሆኑን ስለሚያውቁ ትርፉን ትተውም ቢሆን ያረክሱታል።

ታዲያ ዝናቡና ነፋሱ የት ሄደ? አልጠፋም። ሂሳቡ የሚወራረድበት ቦታ ነው የተቀየረው።

ኮሎምቢያን እንይ። በካሪቢያን ዳርቻ ሳንታ ማርታ አካባቢ የነበሩ አምራቾች ሙዛቸውን ለኩባንያው ብቻ እንዲሸጡ በውል ታስረው ነበር። ኩባንያው «አይሆንም» ብሎ የመለሰው ሙዝ ለሌላ አይሸጥም፤ ወድቆ ይበሰብሳል። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ከአምራቹ የባሰ ነበር። በኅዳር 1928 ሠራተኞቹ ሥራ ሲያቆሙ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ደመወዛችን በየሳምንቱ ይከፈለን የሚል። ሙዙ በየሳምንቱ ይጫናል፤ የጫነው ሰው ግን የሳምንት ክፍያ ለማግኘት ማመፅ ነበረበት። መልሱ ጥይት ሆነ። ከታኅሣሥ 5 ለ6 አጥቢያ ሲዬናጋ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ የተሰበሰቡትን ሠራተኞች የአገሪቱ ጦር ተኩሶ ገደላቸው።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 1998 መጨረሻ ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ሲያጥለቀልቅ የሙዝ እርሻዎቹ ጠፉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ሥራ አጡ። ኩባንያዎቹ ሙዝ ከሌሎች አገሮች ፈለጉ። በኅዳር 2020 ኤታ እና አዮታ የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ያንኑ የሱላ ሸለቆ መቱት። ትሬደር ጆስ ጋ አንዱ ሙዝ ያኔም 19 ሳንቲም ነበር። የአየሩን ዋጋ ከፍሎት ያደረው ሆንዱራስ ያለው ሠራተኛ ነው።

«ምናልባት ሙዝ በተፈጥሮው ዋጋው የማይነቃነቅ ቢሆንስ?» የሚል ካለ አውስትራሊያን ይመልከት። አውስትራሊያ የተክል በሽታ ፈርታ የውጭ ሙዝ አታስገባም፤ የምትበላው የራሷን ነው። አብዛኛው የሚበቅለው ደግሞ ሰሜን ኩዊንስላንድ ውስጥ በአንድ አካባቢ ነው። መጋቢት 20 ቀን 2006 ላሪ የተባለው አውሎ ነፋስ ኢኒስፌል ከተማ አጠገብ ሲገባ የአገሪቱን የሙዝ ምርት አብዛኛውን አወደመ። ሁለትና ሦስት ዶላር የነበረው አንድ ኪሎ ሙዝ ከ12 ዶላር በላይ ወጣ። የአንድ ፍሬ ዋጋ የአገሪቱን የኑሮ ውድነት መለኪያ ከፍ እስከ ማድረግ ደረሰ። መርከቡ የሚዞርበት ሌላ ወደብ ሲጠፋ የነፋሱን ዋጋ ሲድኒ ያለው በላተኛም ተካፈለው።

ከዚያም ሌላ ጣጣ መጣ። ሁሉም ገበሬ እኩል ቀን መልሶ ከተከለ፣ ሙዝ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ስለሚደርስ፣ ሁሉም እኩል ያወጣዋል። ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ገበሬው አንዴ በነፋስ፣ አንዴ በርካሽ ይመታል። ስለዚህ በየካቲት 2011 ያሲ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲቃረብ አንዳንድ ገበሬዎች ቀድመው የተክሉን ቅጠል መለመሉት፤ ነፋሱ የሚይዘው እንዲያጣ። ግንዱ ሳይወድቅ የተረፈላቸው ቶሎ አፈሩ። ቀሪውንም በአንድ ቀን ከመትከል ይልቅ ምርቱ ተራ በተራ እንዲደርስ አድርገው የያዙ ነበሩ። ሰው ከአየር ጋር እንዲህም ይደራደራል።

ወደ አቮካዶ እንመለስ። አሜሪካ የፍሬውን ዘር የሚበላ ነቀዝ ይገባብኛል ብላ ከ1914 ጀምሮ የሜክሲኮን አቮካዶ ከልክላ ነበር። በ1997 ለተወሰኑ ግዛቶች፣ ያውም በክረምት ወራት ብቻ ፈቀደች፤ በ2007 ዓመቱን ሙሉ በሁሉም ግዛት ክፍት ሆነ። ዛሬ አሜሪካ የሚበላው አቮካዶ አብዛኛው ከሜክሲኮ፣ በተለይም ሚቾአካን ከምትባለው ግዛት ነው። ምንጩ እንዲህ አንድ አካባቢ ሲሆን እዚያ የሆነው ሁሉ እዚህ ሱቅ ውስጥ ይሰማል። በ2018 መኸር የሚቾአካን ገበሬዎች «ዋጋው አነሰን» ብለው መቅጠፍ አቆሙ፤ ወደ አሜሪካ የሚሄደው ጭነትም ደረቀ። በየካቲት 2022 አንድ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በስልክ ማስፈራሪያ ስለደረሰበት ምርመራው ለሳምንት ያህል ቆመ፤ ያለ ምርመራ ደግሞ አቮካዶ ድንበር አያልፍም። በዚህ ላይ ዛፉ አንድ ዓመት አብዝቶ ቢያፈራ በሚቀጥለው የመቀነስ ጠባይ አለው። እናም ልጄ፣ የአቮካዶሽ ዋጋ የሚዘለው ለዚህ ነው።

አቮካዶ ገበሬውን ሁሉ ሀብታም አደረገ እያልኩ አይደለም። ሚቾአካን ውስጥ ገንዘቡ ወሮበላ ጠርቷል፣ ደን አስጨፍጭፏል። ልዩነቱ ግን ይታያል፦ የ2018ቱ የአቮካዶ ገበሬ ሥራ ሲያቆም ፍሬው ዛፉ ላይ ይጠብቀዋል። የ1928ቱ የሙዝ ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም ሙዙ ይበስላል፣ መርከቡ ይቆማል፣ ኩባንያው ይቆጣል፣ ወታደር ይመጣል።

አሁን ወደ ቤታችን። አዲስ አበባ የሚገባው ሙዝ አብዛኛው ከአርባ ምንጭ አካባቢ፣ ከላንቴና ከጫኖ ማሳዎች፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው። አረንጓዴውን ተቆርጦ በመኪና ይጫናል፤ ከተማ ሲደርስ ተዘግቶ ይበስላል። መንገድ ከተበላሸ፣ ነዳጅ ከተወደደ፣ ጾም ከገባ፣ ዋጋው ወዲያው ጉሊት ድረስ ይሰማል። እኛ ጋ ዋጋውን የሚያረጋጋ መርከብም ሆነ የዓመት ውል የለም። ግን አንድ ነገር ከሆንዱራስ ጋር ያመሳስለናል። ሙዙ ዛሬ ካልተቆረጠ የሚበላሽበት ገበሬው ነው። መኪናው ሳይመጣ ከቀረ አማራጭ የለውም፤ ከመጣም በተባለው ዋጋ ይሸጣል። ነጋዴውም ሥጋት አለበት፤ መኪና መንገድ ላይ ከቆመ ኪሳራው የሱ ነው። ሆኖም ማብሰያ ክፍል ያለው ሰው ጥቂት ቀን መጠበቅ ይችላል። ማሳው ላይ የቆመው ግን አንድም ቀን የለውም።

ስለዚህ ሙዝ ተወደደ ብለን ስንነጋገር «ኪሎው ስንት ገባ?» ብቻ አንበል። «በዚህ መንገድ ላይ መጠበቅ የቻለው ማነው?» ብለን እንጨምር። ማብሰያ ክፍሉና ማቀዝቀዣው ወደ ማሳው ቢቀርብ፣ ገበሬው በማኅበር ሆኖ የራሱ መኪና ቢኖረው፣ የተረፈው ሙዝ ደርቆ ወይም ተፈጭቶ የሚሸጥበት ቦታ ቢያገኝ፣ ሙዝ ራሱ መጠበቅ ባይችልም ገበሬው ጥቂት ቀን መጠበቅ ይችል ነበር። ጥቂት ቀን ደግሞ፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ እንዳያችሁት፣ ትንሽ ነገር አይደለም።

አርባ ምንጭ፣ ሲዳማና ጅማ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በዚህ ሳምንት ሙዝና አቮካዶ ከማሳ ስንት እየተነሳ ነው? ጻፉልኝ። ከተማ ያላችሁ ደግሞ የገዛችሁበትን ከሥሩ አስቀምጡ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ከኔ ገለጻ የበለጠ ያስተምራል።

መልካም ሳምንት!