የወረኢሉ ልጆች ክረምት

ወረኢሉ በታሪክ መጻሕፍት ስሟ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከጦር ጋር ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የሠራዊታቸው ማረፊያና ወደ ሰሜን መውጫ በራቸው ነበረች። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጁ ሲነገርም የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ከትቶ እንዲገኝ የታዘዘው ወረኢሉ ላይ ነበር። የዓድዋን ታሪክ የተማረ ልጅ ሁሉ ከተማይቱን በዚሁ ያውቃታል። ከዚያ ወዲያ ግን ሠራዊቱ ወደ ሰሜን ሲያልፍ ታሪክ ጸሐፊውም አብሮ ያልፋል፤ ወረኢሉ ወደ ኋላ ትቀራለች።

አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ስሟ የጦር ስም አይደለም። «ወራ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ የእገሌ ወገን እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ወረኢሉ የኢሉ ቤተሰብ፣ ወረሂመኖ የሂመኖ ቤተሰብ፣ ወረባቦም የባቦ ቤተሰብ ማለት ይሆናል። በቤተሰብ ስም የተጠራን አገር ታሪክ ስንጽፍ ለቤተሰቡ አንዲት ገጽ መንፈጋችን የሚያስገርም ነው። እንግዲህ በዚህች ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ተራ ቢመስልም ተጠይቆ አያውቅም። አንድ የወረኢሉ፣ የለጋምቦ ወይም የቦረና ቤተሰብ ትንንሽ ልጆቹን ይዞ ክረምቱን እንዴት ያሳልፍ ነበር? ምን ይሠራ፣ ወዴትስ ይሄድ ነበር?

በባሕር ማዶ ሐምሌና ነሐሴ የፀሐይ ወራት ናቸው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤተሰቡ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። የእኛም ትምህርት ቤት በነዚያው ወራት ይዘጋል፤ ምክንያቱ ግን ተቃራኒው፣ ዝናቡና ጭቃው ነው። በ1520ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ክረምት በዚህ አገር ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ እንደሚቆይና በዚያ ወራት ሰው መንገድ እንደማይወጣ ጽፏል። የደቡብ ወሎን ደጋ ለሚያውቅ ይህ አባባል የተጋነነ አይሆንም። ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ግድም ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በስተደቡብ ወንጪት፣ በስተምዕራብ ወለቃና ዓባይ፣ በስተሰሜን በሽሎ አገሩን እንደ ቢላዋ ቆራርጠውታል። እነዚህ ወንዞች ሲሞሉ ዘመድ ከዘመድ አይጠያየቅም።

ታዲያ ክረምት ማለት ቤት ተዘግቶ መቀመጥ ብቻ ነበር? አልነበረም። ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ ስለ በልግ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ነሐሴ የጎተራ ማለቂያ ወር ነው። የከረመው እህል አልቋል፤ የመኸሩ ገና ቡቃያ ነው። እናት ቁናዋን ይዛ ጎረቤት የምታንኳኳው፣ ጎመን ራት የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። የወረኢሉና የለጋምቦ ደጋ ግን ሌላ ሥርዓት አለው። ገበሬው በጥርና በየካቲት ጠብታ ዝናብ ባገኘ ጊዜ ገብሱን ይዘራል፤ ያም በልግ በሰኔና በሐምሌ ይደርሳል። ስለዚህ ሌላው አገር ሲራብ እዚህ አዲስ እህል ቤት ይገባል። ልፋቱ ግን ቀላል አይደለም። አጨዳው ከክረምቱ ዝናብ ጋር ስለሚጋጠም ነዶው ይርሳል፣ በረዶም ይመታዋል። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ቤተሰቡ በሙሉ፣ ልጅ አዋቂ ሳይባል፣ እህሉን ለማስጣት ይሯሯጣል፤ ደመና ሲያጉረመርም ደግሞ ለማስገባት። ፀሐይ ጨርሳ ከጠፋች በምጣድ ላይ እየታመሰ ይደርቃል። የአራት ዓመት ሕፃን ዶሮ የሚያባርረው፣ የስድስት ዓመቷ የተበተነውን ራስ የምትለቅመው በዚህ ጊዜ ነው። ለልጆቹ ሥራም ጨዋታም ነበር፤ ከስጡ ዳር የሚታፈሰው እፍኝ ገብስ በማግስቱ ቆሎ ይሆናልና።

ቤቱ ከድንጋይ የተሠራ፣ ዝቅተኛ በር ያለው ነው። በጎቹና ጥጆቹ ከታች፣ ልጆቹ ከላይ ቆጥ ላይ ያድራሉ፤ የከብቱ ትንፋሽ ለሰው ሙቀት ይሆናል። ጉጉፍቱ ላይ በሌሊት ያደረ ሰው የዚህ ነገር ጥቅም ይገባዋል። በደጋው ዛፍ የለም ማለት ይቻላልና እሳቱ የሚነደው በኩበት ነው። ኩበቱ በበጋ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ተከምሮ ካልተከደነ ሐምሌ ላይ የሚያሞቅ ነገር አይኖርም። ያንን ኩበት የሚለቅሙት በአብዛኛው ሕፃናት ስለሆኑ የክረምቱን ሙቀት በበጋ ያጠራቀሙት ራሳቸው ናቸው ማለት ነው። ማታ እናትና አያት የበግ ፀጉር እየፈተሉ፣ እሳቱ ዳር ተረትና እንቆቅልሽ ይጀመራል። ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ ከደጅ ጭቃ በሬና ላም ይሠራል፤ ቀንበር ይበጅለታል፤ ዕቃ ዕቃ ጨዋታው እንደ ትልቁ ቤት ባልና ሚስት፣ ቄስና ሼህ ሁሉ አለበት።

ትንሽ ከፍ ያለው ልጅ ግን ወደ ሜዳ ይወጣል። በበጋ ከብት እንደልቡ ይሰማራል፤ በክረምት ግን ማሳው ሁሉ ሰብል ስለሆነ ዐይን የሚፈልገው አሁን ነው። የእገሌ ላም የእገሌን እርሻ በላች ከተባለ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ጠብ ይነሣል። ስለዚህ ከሣር የተጎነጎነ ገሣ ራሱ ላይ ደፍቶ፣ በሶ በቅል ይዞ የሚውል እረኛ ያስፈልጋል። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲመጣ የክረምት ዕረፍት የሚሉት ነገርም አብሮ መጣ፤ የወረኢሉ ተማሪ ግን ከሰሌዳ ፊት ተነሥቶ ገሣውን ደፋ እንጂ አላረፈም። በሌላ በኩል እረኝነቱ የራሱ ዓለም ነበረው። መሬት ተቆፍሮ በጠጠር ገበጣ የሚጫወቱት፣ አኩኩሉ የሚደበቁት፣ ከሐምሌ ጀምሮም ጅራፍ የሚገምዱት እዚያው መስክ ላይ ነው።

ጅራፉ ለቡሄ ነው። ከዚህ ላይ በልግ ያልነውን አንባቢ ያስታውስልን። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ይውላል። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ ባለቤቲቱ ሙልሙል ትሰጣለች። ሙልሙል ዱቄት ይፈልጋል። በልግ ባለበት አገር ዱቄቱ ገና ከአውድማ የገባ፣ ጠረኑ ያልጠፋ ገብስ ነው፤ በሌለበት አገር ግን እናት ከጎተራው ጥግ ጠርጋ የምታወጣው የመጨረሻው እፍኝ ነው። የወረኢሉ ልጅ ቡሄን ሲወድ ሳያውቀው የሚወደው በልግን ነበር ብንል አንሳሳትም።

የልጆቹ የክረምት መውጫ ከዚህም ሌላ ነበረው። በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ባሉት ሁለት ሳምንታት፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ። እናቶች በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ጭቃውን እየረገጡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዷቸዋል፤ ቆርበው ይመለሳሉ። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ የዓመቱ ረጅሙ ጉዞው ሊሆን ይችላል። የሙስሊሙ ቤተሰብ በዓላት ግን በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ ወደ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እየሳቡ ወቅቱን ሁሉ ይዞራሉ። አንዱ ወንድም ዒድን በጥቢ ፀሐይ ሲያስታውስ ሌላው በዶፍ ዝናብ ያስታውሰዋል። መውሊድ በበጋ ሲውል ልጆችን በበቅሎ ጭኖ እንደ ጀማ ንጉሥ ወዳሉት ቦታዎች ለዚያራ መሄድ ይቻላል፤ በክረምት ከዋለ ግን ወንዙ ይከለክላል፣ መውሊዱም በቅርብ ይከበራል። በየ33 ዓመቱ ግድም ደግሞ ሁለቱ ይገናኛሉ። በ1970 ዓ.ም. ረመዳን በሐምሌ ማብቂያ ገብቶ ከፍልሰታ ጋር ተጋጠመ፤ በ2003 ዓ.ም.ም እንዲሁ ሆነ። ክርስቲያንና ሙስሊም አጥር ለአጥር፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖርበት በወሎ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቀን ቀን የሁለቱም ጎረቤት ምድጃ ቀዝቅዞ ይውል ነበር። የጾሙ ማብቂያ ሰዓት ግን ስለሚለያይ የፍልሰታው ልጅ ከሰዓት በኋላ ሲበላ የረመዳኑ ልጅ እስከ ቀትር «ጾሞ» ቀድሞት ይሆናል፤ ትንንሾቹ ይህን ልዩነት እንዴት እንደተጠቀሙበት መገመት አያዳግትም።

በጳጉሜ 3 ቀን፣ በሩፋኤል፣ ዝናብ ከጣለ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ወደ ደጅ ይሮጣሉ። የዚያ ቀን ዝናብ ጠበል ነው ይባላልና በብርዱ የሚቆጣ ወላጅ የለም። ዓመቱን ሙሉ «ብርድ ይመታሃል፣ ግባ!» ሲባል የኖረ ልጅ ለአንድ ቀን የተፈቀደለት ነፃነት ነው። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ አደይ አበባ ተለቅሞ ዓመቱ ይለወጣል።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ይከፈታል። መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ለመድረስ ከደጋው ሁሉ ሰው ይነሣል፤ ጡት የሚጠባው በአንቀልባ፣ መራመድ የጀመረው በበቅሎ ፊት ተቀምጦ። በነገራችን ላይ ግሸን ራሷ ስለ ልጆች የምትናገረው ያልተለመደ ታሪክ አላት። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተብሎ ከነዘራቸው የሚጠበቁት በዚያች አምባ ላይ ነበር። ከላይ የጠቀስነው አልቫሬዝም ስለ አምባይቱ ጥበቃ ጽፏል። በ1540 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የኢማም አሕመድ ሠራዊት አምባይቱን እስኪይዛት ድረስ እዚያ ተወልደው እዚያ የሞቱ የንጉሥ ልጆች አሉ። የገበሬው ልጅ በዓመት አንድ ቀን ወጥቶባት የሚወርዳትን አምባ የንጉሡ ልጅ መውረድ አይችልም ነበር።

የምኒልክ አዋጅም የወጣው በዚሁ በመስከረም፣ ጭቃው ሲጠና ነው። በዚያ ዘመን ዘማች ብቻውን አይሄድም። ሚስት ስንቅ ታዘጋጃለች፣ ልጅም ይከተላል፤ ሰፈሩ ተንቀሳቃሽ ከተማ ነው። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ወረኢሉ ላይ የከተመው ሠራዊት ውስጥ ስንት ሕፃን እንደነበረ የቆጠረ የለም። የአገሬው ልጆች ግን ያንን ያህል ድንኳንና ፈረስ ቆመው ሳያዩ አልቀሩም፤ እናቶቻቸው ደግሞ በልጉ ገብስ ላይ ይህ ሁሉ አፍ ሲጨመር ምን ይሰማቸው እንደነበር ለአንባቢ እንተወዋለን።

እስካሁን ያወራነው በልግ በሰመረበት ዓመት ነው። ሲከሽፍስ? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረኀብ፣ ከዚያም የ1977ቱ፣ ከአዲስ አበባ ሲታዩ የዓመተ ምሕረት ቁጥር ናቸው፤ ከልጅ ዐይን ሲታዩ ግን የጠፋ ክረምት ናቸው። በ1976 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሳይጥል ቀረ። ነሐሴ 13 እንደ ወትሮው መጣ፤ ቡሄ በአቆጣጠሩ መሠረት ዋለ። ዱቄት ግን አልነበረም። ከመዝራት ወደ ምሕላና ዱዓ መውጣት ሆነ፤ ቤተሰቡ ልጆቹን ይዞ ከቤት ወጣ ቢባል መንገዱ ወደ እርዳታ ጣቢያ ነው። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መንግሥት በሰፈራ ስም በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው አነሣ፤ ከዚህ የሚበዛው የወሎ ሰው ነበር። በመተከል፣ በወለጋና በኢሉባቦር ቆላ የደረሱት የደጋ ልጆች እዚያ ያገኙት ክረምት ሞቃትና የወባ ክረምት ነው። ገብስ የለም፣ ኩበት አያስፈልግም፣ ቆጥ ላይ የሚያስወጣ ብርድ የለም። አያትም በብዛት አልተከተለም። እሳት ዳር የሚነገረው ተረት የሚቀጥለው አያት ሲኖር ነውና፣ በሰፈራው የተቋረጠው ነገር ከእርሻ ይበልጣል።

በ1991 ዓ.ም. በልግ እንደገና ከሸፈ፤ ደቡብ ወሎ ዳግመኛ ተራበ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በልጉም ክረምቱም ተከታትለው አጠሩ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለባለሥልጣናቱ የሚቀርበው ዘገባ የሰብል ግምትና የእህል ኩንታል ቁጥር ነበር። የልጆችን ነገር የሚያነሣ ካለ ክብደታቸውን ለመመዘን ነው፤ ይህም የሚናቅ አይደለም፣ ብዙዎችን ያዳነ ሚዛን ነው። ቤት ውስጥ ግን ሌላም ሚዛን አለ። እናት ሐምሌ ሲገባ ከአውድማው የገባውን ገብስ በቁና ትሰፍራለች፤ ይህ ለጠላ፣ ይህ ለዘር፣ ይህ ለበሶ ትላለች። ለዘር የተቀመጠውን ማንም አይነካም። ከቀረው ላይ አንዲት ቁና ለብቻዋ ትቀመጣለች፤ ልጆቹ ከቆጥ ላይ ቁልቁል እያዩ ይቆጥራሉ። እሷ ከተቀመጠች ለነሐሴ 13 ሙልሙል አለ ማለት ነው፤ ያን ማታ ጅራፍ መገመድ ይጀመራል።