ደቡብ ሱዳን በእግር ኳስ ሜዳ፦ ከነጻነት ማግስት እስከ ዛሬ

ጁባ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ኳስ ካወራን ወሬያችን ያው አርሰናልና ማንቸስተር ነው። የሰፈሬ ልጆች ግን አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «የኛ ቡድን አፍሪካ ዋንጫ የሚገባው መቼ ነው?» ለነሱ መልስ ስፈልግ የሰበሰብኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሩ

ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችው ጁላይ 9 ቀን 2011 ነው። በማግስቱ ብሔራዊ ቡድኗ ጁባ ላይ ከኬንያው ክለብ ተስከር ጋር ተጫውቶ 3 ለ 1 ተሸነፈ። በፌብሩዋሪ 2012 የካፍ፣ በሜይ ደግሞ የፊፋ አባል ሆነች። ጁላይ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያውን ይፋዊ ጨዋታ ከኡጋንዳ ጋር አድርጋ 2 ለ 2 ወጣች። በዚያው ዓመት ካምፓላ በተደረገው የሴካፋ ዋንጫ መጀመሪያ የገጠመቻት የኛዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ 1 ለ 0 አሸነፍናቸው።

የመጀመሪያው ድል

ብሩህ ኮከቦች ተብሎ የሚጠራው ይህ ቡድን ይፋዊ ድል ለማየት እስከ ሴፕቴምበር 2015 ጠበቀ። ጁባ ላይ ኢኳቶሪያል ጊኒን 1 ለ 0 ረታ። ኢኳቶሪያል ጊኒ ማለት በዚያው ዓመት አፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅታ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰች አገር ናት! በዓመቱ መጨረሻ ኢትዮጵያ ባዘጋጀችው ሴካፋ ደግሞ ሩብ ፍጻሜ ገቡ። ያስቆማቸው ማን መሰላችሁ? ሱዳን፣ በፍጹም ቅጣት ምት።

በማርች 2017 ጅቡቲ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈው ቢመጡም፣ በመልሱ ጁባ ላይ 6 ለ 0 አሸንፈው ወደ ምድብ ማጣሪያ አለፉ።

ሜዳ ያጣ ቡድን

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ራሱ እንደ ስደተኛ ሆነ። የጁባ ስታዲየም ደረጃውን ስላልጠበቀና እድሳት ስለሚያስፈልገው፣ «የሜዳቸውን» ጨዋታ ሰው አገር መጫወት ግድ ሆነባቸው። በኖቬምበር 2020 ኡጋንዳን 1 ለ 0 ያሸነፉት ናይሮቢ ላይ ነው። ያለ ደጋፊ፣ ያለ አገር ሰው ማሸነፍ ምን እንደሚመስል ስደት የቀመሰ ሰው ያውቀዋል።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ቡድኑ ጁባ ላይ ተጫወተ። ደቡብ አፍሪካ በባከነ ሰዓት ባገባችው ጎል 3 ለ 2 ተሸነፉ። በኖቬምበር ግን ኮንጎ ብራዛቪልን 3 ለ 2 አሸነፉ፤ ውጤቱም ለ2025 አፍሪካ ዋንጫ ኡጋንዳንና ደቡብ አፍሪካን አሳለፈ። እነሱ ግን ቀሩ።

ልጆቹ የት ሄዱ?

ዋናው ቡድን እስካሁን ለአፍሪካ ዋንጫም ለዓለም ዋንጫም አልበቃም። ተጫዋች ጠፍቶ ግን አይደለም። በ2022 የዓለም ዋንጫ ሦስት የደቡብ ሱዳን ዝርያ ያላቸው ልጆች የአውስትራሊያን ማሊያ ለብሰው ኳታር ሄደዋል። አዌር ማቢል የተወለደው ካኩማ መጠለያ ጣቢያ፣ ቶማስ ዴንግ ናይሮቢ፣ ጋራንግ ኩኦል ደግሞ ግብጽ ነው። ጦርነቱ የበተናቸው ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ያሳደገቻቸውን አገር መምረጣቸው አይፈረድባቸውም።

መልሱ

ታዲያ ለሰፈሬ ልጆች ምን አልኳቸው? «የናንተ እኩዮች ገብተዋል» ነው ያልኳቸው። በ2022 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የሴካፋ ማጣሪያ ለ2023ቱ የአልጄሪያ ከ17 ዓመት በታች አፍሪካ ዋንጫ ያለፉት ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን ናቸው። አዘጋጇ ኢትዮጵያ እንኳ ቀርታለች። ጦርነት ሕዝባቸውን የበተነባቸው ሁለት አገሮች ናቸው ያለፉት።

ከልጆቹ አንዱ ይህን ሲሰማ ኳሷን አንስቶ «እንሂድ፣ እንለማመድ» አለ። እኔም በረኛ ሆኜ ቆምኩላቸው።