የማኅበሩ ዕዳ

በ1826 ለንደን ውስጥ አርተር ብሩም የሚባል ቄስ ኪንግስ ቤንች ወደተባለው እስር ቤት ገባ። ቁማር ተጫውቶ አልተበላም፤ ነግዶም አልከሰረም። ያሳሰረው ያለ ደመወዝ በጸሐፊነት ያገለግለው የነበረ ማኅበር ዕዳ ነው። ማኅበሩ በእንስሳት ላይ የሚፈጸመውን ጭካኔ ለማስቀረት የተቋቋመ ሲሆን፣ ዕድሜው ገና ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። ወጪው ከመዋጮው በልጦ 300 ፓውንድ ገደማ ሲጎድል፣ ስማቸውን በአባልነት ካስመዘገቡት ባለጠጎችና የፓርላማ ሰዎች መካከል አበዳሪዎቹ የያዙት ዋሱን ብሩምን ነበር።

ያ ማኅበር ዛሬም አለ። በ2024 ሁለት መቶኛ ዓመቱን አክብሯል፤ በየአገሩ ለተቋቋሙት የእንስሳት ጥበቃ ድርጅቶችም እንደ አባት ይቆጠራል። ታሪኩ ሲነገር የሚነሳው ብዙውን ጊዜ የተመሠረተበት ቀንና የታላላቆቹ መሥራቾች ስም ነው። ዕዳው እንዴት እንደተከፈለና ለመክፈል የተሯሯጠው ሰው በኋላ ምን እንደደረሰበት ግን ባጭሩ ይታለፋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሕግ ነው። በእንግሊዝ ፓርላማ ኮርማን አስሮ በውሻ ማናከስን ለመከልከል በ1800 የቀረበ ረቂቅ ወድቆ ነበር። በ1809 ሎርድ ኧርስኪን ያቀረበው ሰፋ ያለ ረቂቅም የበላይ ምክር ቤቱን አልፎ በታችኛው ቀረ። ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር አዳራሹን የሚሞላው ሳቅ ነበር፤ ዛሬ ፈረስ ይጠበቅ ካልን ነገ ደግሞ ውሻና ድመት ይጠበቁ ሊባል ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር። በመጨረሻ የተሳካለት ከአየርላንድ የመጣው የጋልዌይ እንደራሴ ሪቻርድ ማርቲን ነው። ማርቲን የዋህ ሰው አልነበረም። በጉብዝናው ወራት በሽጉጥ ግጥሚያ የታወቀ ቁጡ ባላባት ነበር፤ ከእነዚያ ግጥሚያዎች የአንዱ መነሻ እንኳ የወዳጁ ውሻ በጥይት መገደሉ ነው። በሐምሌ 1822 የጸደቀው ሕጉ ፈረስን፣ በቅሎን፣ አህያን፣ በሬን፣ ላምንና በግን የሚያሠቃይ ሰው ከ10 ሺሊንግ እስከ 5 ፓውንድ እንዲቀጣ ይደነግጋል። ውሻና ድመት አልተጠቀሱም። ኮርማም በስሙ ስላልተጻፈ ፍርድ ቤቶች ከሕጉ ውጪ አደረጉት። የባላባቶቹን የቀበሮ አደንማ ማንም አልነካውም። ቅጣቱ በዋነኛነት የሚያርፈው በባለጋሪው፣ በከብት ነጂውና በመንገድ ቸርቻሪው ላይ ነበር፤ ይህ ሚዛን የጎደለው አሠራር በጊዜውም ቢሆን ከትችት አላመለጠም።

አህያ በዚያ ሕግ ውስጥ በስሟ መግባቷ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ትርፍ ነገር አይደለም። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ አህያ ካለባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። እህሉም፣ ውኃውም፣ ማገዶውም፣ ጭዱም በእሷ ጀርባ ይጓዛል። በ2017 ቢሾፍቱ ውስጥ ሥራ የጀመረ የአህያ ቄራ በነዋሪዎች ተቃውሞ ተዘግቷል። በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው፣ አህያ ለቆዳዋ እንዳትታረድ የሚከለክል ውሳኔ አሳልፈዋል።

ወደ ለንደን እንመለስ። ሕጉ ወጣ፤ የሚያስከብረው ግን አልነበረም። የከተማው ፖሊስ የተቋቋመው በ1829 ነው። አጥፊን መያዝ፣ ምስክር ማቅረብና ክስ መመሥረት የከሳሹ የግል ሥራ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው ሕጉ ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር ማርቲን ራሱ መንገድ ለመንገድ እየዞረ ጅራፍ የሚያበዙትን ያስይዝና ዳኛ ፊት ያቆም ጀመር። አንድ ጊዜ የተደበደበችውን አህያ ራሷን ችሎት አስገብቶ ቁስሏን አሳየ የሚለው ወሬ በሥዕልም በዘፈንም ተሠራጭቷል። የተቀጪው ድህነት አሳዝኖት ቅጣቱን ከኪሱ የከፈለበት ጊዜም ነበር ይባላል። ግን ከሰባ ዓመት ዕድሜ ጋር የሚታገል አንድ እንደራሴ የለንደንን ጎዳና ብቻውን ሊጠብቅ አይችልም።

ሰኔ 16 ቀን 1824 ሃያ ሁለት ሰዎች አንድ ቡና ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። ቡና ቤቱ ኦልድ ስሎተርስ ይባላል፤ ስሎተር የመጀመሪያው ባለቤት ስም ቢሆንም ቃሉ በእንግሊዝኛ እርድ ማለት ነው። የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር እዚያ መወለዱ የአጋጣሚ ቀልድ ነው። ወንበሩን የያዘው ቶማስ ፎዌል ባክስተን የቢራ ጠማቂ ኩባንያ ሸሪክና የፓርላማ አባል ነበር። ዊልያም ዊልበርፎርስ ነበር፤ ሁለቱም በባርነት ላይ በተነሳው ዘመቻ ግንባር ቀደም ናቸው። ሕግ አዋቂው ጄምስ ማኪንቶሽ፣ ጠበቃው ባዚል ሞንታጉ፣ ከዚያም ማርቲን፣ ቄሶችና ሌሎችም ነበሩ። እያንዳንዱ ለማኅበሩ ሊያበረክት የሚችለው በሙያው ያካበተውን ነው፦ ሕግ የሚያውቀው ሕግ፣ መስበክ የሚችለው ስብከት፣ ድምፅ ያለው የፓርላማ ድምፅ። ሁለት ኮሚቴ አቋቋሙ። አንዱ ጽሑፍና ስብከት እያዘጋጀ የሰዉን አመለካከት ይለውጣል፤ ሌላው ገበያውን፣ ቄራውን፣ ጎዳናውንና የሠረገላ ነጂዎችን ይቆጣጠራል።

ብሩም በክብር ጸሐፊነት ተመረጠ፤ የክብር ማለት ደመወዝ የለውም ማለት ነው። በምሥራቅ ለንደን የነበረውን ደብር ለቅቆ ሙሉ ጊዜውን ለዚህ ሰጠ። ወዲያው የተረዳው ነገር ቢኖር ኮሚቴ ስሚዝፊልድ ከብት ገበያ ውስጥ ሌሊት ቆሞ አያድርም። ጠበቃው ቀን ችሎት አለው፤ እንደራሴው ስብሰባ አለው። ስለዚህ ብሩም ቻርለስ ዊለር የተባለ ሰው ከራሱ ገንዘብ እየከፈለ በተቆጣጣሪነት አሰማራ። ዊለርና ረዳቱ ገበያውን እየዞሩ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከስልሳ የማያንሱ ሰዎችን ለፍርድ አቀረቡ። የማኅበሩ ስም የተሰማው በዚህ ነው። ሥራው ግን ገንዘብ ይበላል፤ ለስብሰባው ያጨበጨበ ሁሉ ደግሞ መዋጮውን አይከፍልም። ብሩም ፈረመ፣ ዋስ ሆነ፣ ታሰረ።

በባዕድ አገር መረዳጃ ማኅበር ውስጥ ያገለገለ ሰው ይህን ሁኔታ ያውቀዋል። የአዳራሹ ኪራይ ውል በማን ስም እንደተፈረመ፣ የበዓሉ ቲኬት ሳይሸጥ ሲቀር ቀሪውን ማን ከክሬዲት ካርዱ እንደከፈለ፣ በጠቅላላ ጉባኤው ዕለት ደግሞ ሂሳቡ ግልጽ አይደለም ብሎ የተነሳው ማን እንደነበር በየከተማው የሚታወስ ነው።

ከአርባ ዓመት በኋላ አትላንቲክ ማዶ የተሞከረው ተመሳሳይ ሥራ ብሩምን የጎዳው ምን እንደነበር ለመረዳት ይጠቅማል። በሩሲያ የአሜሪካ ዲፕሎማት የነበረው ሄንሪ በርግ ወደ አገሩ ሲመለስ ለንደን ላይ አርፎ የዚህን ማኅበር አሠራር አጠና፤ በሚያዝያ 1866 የአሜሪካውን ማኅበር ኒውዮርክ ላይ አቋቋመ። እሱም ደመወዝ አልወሰደም፤ እሱም በየመንገዱ ጋሪ እያስቆመ ይከስ ነበር። ኤልብሪጅ ጌሪ የተባለ ወጣት ጠበቃ በሕግ አማካሪነት አገዘው። ልዩነቱ በርግ መርከብ ሠሪ ከነበረው አባቱ ሀብት ወርሶ ነበር፤ ጌሪም የባለጠጋ ልጅ ነው። በነጻ ማገልገል ለእነዚህ ሰዎች ጊዜና ስድብ የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ብሩምን ግን ደብሩንም ነጻነቱንም አስከፍሎታል። ሁለቱም በአንድ ቃል በጎ ፈቃደኛ ይባላሉ።

ብሩምን ከእስር ለማውጣት ገንዘብ በማሰባሰብ ከተንቀሳቀሱት ሁለቱ ማርቲንና ሉዊስ ጎምፐርዝ ነበሩ። ማርቲን ብዙም ሳይቆይ የምክር ቤት ወንበሩን አጣ። ወንበሩ ከአበዳሪ ይከልለው ስለነበር እሱም ከራሱ ዕዳ ሸሽቶ ወደ ፈረንሳይ፣ ቡሎኝ ተሻገረ፤ እዚያው በ1834 ሞተ። ማኅበሩን የተሸከመው ጎምፐርዝ ሆነ።

ጎምፐርዝ ከአልማዝ ነጋዴዎች ቤተሰብ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ለአይሁድ ዝግ ስለነበሩ እሱም ወንድሙ ቤንጃሚንም በራሳቸው ጥረት የተማሩ ነበሩ። ቤንጃሚን ሰው በየዕድሜው የሚሞትበትን ፍጥነት የሚያሰላ ቀመር በ1825 አሳትሞ በሒሳብ ዓለም ስሙ ቀርቷል፤ የሕይወት መድን ኩባንያዎች ዛሬም ያውቁታል። ሉዊስ ደግሞ መካኒክ ነበር። የማሽን ዕቃ የሚጨብጥ ተስተካካይ መንጋጋ ፈልስፏል። ገና ፔዳል ያልነበረውን የዚያን ዘመን ብስክሌት በእጅ እንዲነዳ አድርጎ አሻሽሏል፤ በመንኮራኩር ፋንታ የሚሠራ፣ ለሚጎትተው እንስሳ ሸክም የሚያቀልል ስልትም ነድፏል። እሱ ራሱ ፈረስ በሚጎትተው ሠረገላ አይሳፈርም። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይበላም፤ ጾም ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ።

ማኅበሩ በተመሠረተበት በዚያው 1824 ባሳተመው መጽሐፍ ጎምፐርዝ ከሌሎቹ መሥራቾች ርቆ ሄዷል። ሌሎቹ የሚሉት ሰው እንስሳን ይጠቀም፣ ግን አይጨክን ነው። እሱ የሚለው እያንዳንዱ ፍጡር በገዛ አካሉ ለመጠቀም ከማንም በላይ መብት ያለው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ጅራፉ ስንት ጊዜ ያርፍ ሳይሆን ጋሪው በምን መብት ተጫነ የሚል ነው። ዛሬ የእንስሳት ደኅንነትና የእንስሳት መብት ተብለው የሚለዩት ሁለት መንገዶች ያኔውኑ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር። ኮሚቴው ውስጥ አብዛኞቹ እሑድ ምሳቸውን ጥብስ የሚበሉ፣ በሠረገላ የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። በመርህ ባይስማሙም ጊዜውንና ብልሃቱን ግን ተቀበሉ። ጎምፐርዝ በጸሐፊነት ወጪውን ቆጥቦ፣ መዋጮ ለምኖ፣ ከራሱም ጨምሮ ማኅበሩን ከመፍረስ አዳነ።

ማኅበሩ በእግሩ ሲቆም ጸሐፊውን የማይወዱት በዙ። ከኮሚቴው ቄሶች አንዱ ሐሳቡ ክርስቲያናዊ ሳይሆን የፓይታጎረስ ትምህርት ነው ብሎ ከሰሰ፤ ፓይታጎረስ ሥጋ አይበላም ይባል ስለነበር ማለት ነው። በ1832 ማኅበሩ በክርስትና እምነትና በክርስቲያናዊ መርሆች ላይ ብቻ የቆመ ነው የሚል ውሳኔ ተላለፈ። አይሁዳዊው ጸሐፊ ውጣ አልተባለም። እንዲህ ያለ ውሳኔ ግን ስም መጥራት አያስፈልገውም። ጎምፐርዝ ለቀቀ። በደመወዝ የሚሠሩት ተቆጣጣሪዎችም የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አልነበሩም፤ ሰላይ ቀጥሮ ድሃ ማስከሰስ ክብር አይደለም ይባል ነበር። በዚህ ነቀፋ ውስጥ እውነት አለ፤ ሕጉ የባላባቱን አደን ትቶ ባለጋሪውን ይከስ ነበርና። ግን ነቃፊዎቹ የፈለጉት ባላባቱም እንዲከሰስ አልነበረም። አደንን ጭምር የተቃወመው የተገፋው ሰው ነው።

ጎምፐርዝ የእንስሳት ወዳጅ ማኅበር የሚል ሌላ ድርጅት አቋቁሞ፣ ሃይማኖት ሳይለይ አባል እየተቀበለ፣ ከ1833 ጀምሮ የራሱን መጽሔት ያሳትም ገባ። ለጥቂት ዓመታት ይህ አዲሱ ማኅበር ከእናቱ ይልቅ ብርቱ ሆኖ ታየ። በ1835 የኩዌከር እምነት ተከታይ በሆነው እንደራሴ ጆሴፍ ፒዝ አማካይነት የወጣው ሕግ ጥበቃውን ወደ ኮርማና ውሻ አሰፋ፤ እንስሳት የሚናከሱባቸውንና አውራ ዶሮ የሚደባደቡባቸውን ቤቶችም ከለከለ። በዚያው ዓመት ገና ልዕልት የነበረችው ቪክቶሪያ የአሮጌው ማኅበር ጠባቂ ሆነች። ነግሣ በ1840 ንጉሣዊ የሚለውን ስም ስትሰጠው የመዋጮው ነገር ተቃለለ። ከዚያ በኋላ በዚህ ማኅበር ቦርድ ላይ በነጻ ማገልገል ሰው የሚያሳስር መሆኑ ቀርቶ የሚያስከብር ነገር ሆነ።

ብሩም ይህን አላየም። ከእስር ከወጣ በኋላ ወደ ማኅበሩ ሥራ እንደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ በ1837 በርሚንግሃም ከተማ በድህነት ሞተ። ጎምፐርዝ በ1846 ጤናው ሲያቃውሰው ሥራውን ተወ፤ የእንስሳት ወዳጅ ማኅበርም ያለ እሱ ብዙ አልቆየም። እሱ ግን መጻፉን አላቆመም። በ1850 ስለ ሜካኒካዊ ፈጠራዎቹ፣ በ1852 እንደገና ስለ እንስሳት መጽሐፍ አሳተመ። በ1861 ሲሞት ለንደን ውስጥ የፈረስ ሠረገላ ከምንጊዜውም በላይ በዝቶ ነበር።