የረሃብ መላምትና የወሎ ጓያ፦ ስለ ሲዋይፒ2ዲ6 ዘረመል

ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ዘረመል ጉበት ብዙ መድኃኒቶችንና የእፅዋት አልካሎይዶችን የሚያረክስበትን ኤንዛይም ያሠራል። የአውሮፓውያኑ ጥናት ብዙ ነው፤ እዚህ አልደግመውም። እኛን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ነው፤ ከመረመሯቸው 122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዘረመሉን ትርፍ ቅጂ ይዘው ተገኝተዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ እምብዛም አይታይም።

ጠቤ ከቁጥሩ ጋር ሳይሆን ከትርጓሜው ነው። የስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ማግኑስ ኢንግልማን-ሱንድበርግ እንደሚሉት በረሃብ ዘመን መርዛማ ተክል በልቶ የተረፈው፣ መርዙን ፈጥኖ የሚያረክሰው ባለ ትርፍ ቅጂው ነው፤ ቅጂውም ለልጅ ልጅ ተላለፈ። መላምቱ ያምራል፤ ብዙዎችም እንደ ተረጋገጠ ነገር ይቀባበሉታል።

መላምቱ የሚፈተንበት አገር ካለ ወሎ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከግሸን አምባ ብዙም በማይርቁት ደላንታና ዳውንት ድርቅ ሌላውን እህል ሲያጠፋ ጓያ ቆመ፤ ሕዝቡም እሱኑ ቆልቶ፣ ቀቅሎ፣ ፈጭቶ በላ። ብዙ ሰው እግሩ ተሽመደመደ። ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ዘግበዋል። እዚህ ላይ ነው መላምቱ የሚያነክሰው። የጓያው መርዝ ኦዳፕ አልካሎይድ ሳይሆን አሚኖ አሲድ ነው፤ ሲዋይፒ2ዲ6 ከሚያረክሳቸው ስብ ወዳድ አሚኖች ወገን አይደለም። በሰነድ የምናውቀው የረሃብ መርዝ እንግዲህ ይህን ዘረመል ሳይነካ ያልፋል። ሌላ ተክል ይኖራል የሚል ካለ ተክሉን በስሙ ይጥራ። በሳዑዲ ዓረቢያም ትርፍ ቅጂው በዝቶ መገኘቱን የሚያነሱ አሉ፤ እሱ የሰው ፍልሰትን እንጂ የረሃብን ማጣሪያ አያስረዳም።

በዚህ ክርክር ችላ የተባለው ምንጭ የራሳቸው የእሌኒ አክሊሉ የ2002 ጥናት ነው። አገር ቤት ያሉና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የኤንዛይሙ ፍጥነት መለኪያ የሆነው ዲብሪሶኩዊን የተባለ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ሲለኩ፣ ዘረመሉ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ የአገር ቤቶቹ ኤንዛይም ዘገምተኛ ሆነ። ይህ ኤንዛይም በመድኃኒት ወይም በምግብ እንደሚቀሰቀሱት ወንድሞቹ አይደለም፤ ስለዚህ ስዊድን አላፈጠነችውም፣ አገር ቤት የያዘው ነገር አለ። እኔ የምጠረጥረው ቅመም ነው። ጥቁር አዝሙድ ከበርበሬው ጋር ይደቃል፣ ድፎ ዳቦው ሊጥ ውስጥ ይገባል፤ የሳዑዲ ተመራማሪዎችም ለጤነኛ ሰዎች ሰጥተው ሲዋይፒ2ዲ6ን እንደሚገታ አይተዋል። የወጥ መጠን ከሙከራ መጠን ያንሳልና መጠንቀቅ ይገባል፤ ዕለት ዕለት የሚበላ መሆኑ ግን አይዘንጋ።

ነገሩ የምሁር ክርክር ብቻ አይደለም። ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ይኸው ኤንዛይም ነውና፣ ቅጂ ቆጥሮ ብቻ የሞርፊን መብዛትን አደጋ የሚተነብይ ሐኪም ማዕዱን ይዘነጋል። እዚያው ወሎ፣ አምባሰል ላይ ፈቃደኞች ጥቁር አዝሙድ ለሁለት ሳምንት ትተው፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ይኸው ኤንዛይም የሚለውጠውን የሳል መድኃኒት ዴክስትሮሜቶርፋን ወስደው ሽንታቸው ቢለካ ጥርጣሬዬ ይፈተናል።