የጣሪያ ብርሃን ማስገቢያ ማፍሰስ

የጣሪያ ብርሃን ማስገቢያ ማለት የፀሐይ ብርሃን ከላይ ወደ ቤት ውስጥ እንዲገባ ጣሪያ ላይ የሚገጠም መስታወት ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። ስካይላይት እየተባለም ይጠራል። በአዲስ አበባ በብዛት የሚታየው ዓይነት እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ፕላስቲክ ሲሆን፣ በቆርቆሮዎቹ መካከል እንደ አንድ ቆርቆሮ ተደርቦ ይመታል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በጋራዦች፣ በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ ቤቶች፣ በመጋዘኖች፣ እንዲሁም መስኮት በሌላቸው ማድ ቤቶች ላይ ይገኛል። መብራት ሲጠፋ የእጅ ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል። ችግሩ የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው፤ ቆርቆሮው ገና ደህና ሆኖ ሳለ ጣሪያው በፕላስቲኩ ዙሪያ ማፍሰስ ይጀምራል።

አመጣጥ

የሣር ክዳን ቤት ብርሃን የሚያገኘው በዋናነት ከበሩ ነበር። የተሸበሸበ ብረት በ1829 እ.ኤ.አ. በለንደን በሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የባለቤትነት መብት የተመዘገበ ሲሆን፣ ብረትን በዚንክ ለብጦ ከዝገት የመከላከል ዘዴ የመጣው ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። ቆርቆሮ በአዲስ አበባ የተስፋፋው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ነው፤ በ1909 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ከተማዋ ሲደርስ ዕቃውን ከጅቡቲ ማምጣት ቀለለ። የተሸበሸበው ፕላስቲክ ከዚያ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው። የቆርቆሮውን ቅርጽ ይዞ ስለተሠራ ልዩ ክፈፍ አያስፈልገውም፤ ርካሽ ያደረገውም ይኸው ነው።

ለምን ያፈሳል

ዋናው ምክንያት ብረትና ፕላስቲክ በሙቀት እኩል አለመለጠጣቸው ነው። ሁለቱም ሲሞቁ ይረዝማሉ፣ ሲቀዘቅዙ ያጥራሉ፤ ፖሊካርቦኔት የተባለው ፕላስቲክ ግን ከብረት ከ5 እጥፍ በላይ ይለጠጣል። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ እኩል ርዝመት ያለው ፖሊካርቦኔት ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ያህል። አዲስ አበባ ሌሊቱ የሚበርድ፣ ቀኑ ፀሐዩ የሚከርር ከተማ ስለሆነች፣ በተለይ በበጋ ይህ እንቅስቃሴ በየቀኑ ይደጋገማል። ሚስማሩ ግን እንጨቱ ውስጥ ስለተመታ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ፕላስቲኩ ሚስማሩን እየገፋ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ በመጨረሻም ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የሚፈጠረው በበጋ ነው፤ የቤቱ ባለቤት የሚያውቀው ግን በሰኔ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፀሐይ ናት። የአልትራቫዮሌት ጨረር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ጨረሩ ኃይለኛ ነው። ፕላስቲኩ በመጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ ከዚያም በቀላሉ ይሰበራል። ፋይበርግላስ የሚባለው ዓይነት ከፖሊካርቦኔት ያነሰ ይለጠጣል፤ ነገር ግን ፀሐይ ላዩን ስትበላው የመስታወት ክሩ ይገለጣል፣ አቧራም ይይዛል። እንዲህ የደረቀ ፕላስቲክ ላይ በረዶ ሲወርድ መበሳቱ አይቀርም።

የአገጣጠም ጉድለትም አለ። የፕላስቲኩ ሽብሽብ ከቆርቆሮው ሽብሽብ ጋር በትክክል ካልገጠመ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። በተቃራኒው ሁለቱ በጣም ሲጣበቁም ችግር አለ፤ ውሃ በጠባብ ክፍተት ውስጥ በራሱ ስለሚሳብ ወደ ጎን፣ አንዳንዴም ጥቂት ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል። ተዳፋቱ ለጥ ያለ ጣሪያ ላይ ይህ ይብሳል። ሚስማሩ በሽብሽቡ ጉብታ ላይ መመታት ሲገባው ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ከተመታ ደግሞ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

በአዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በበልግ ጥቂት ጠብታ ብቻ የነበረው ፍሳሽ በእነዚህ ሁለት ወራት ኮርኒሱን ያበሰብሳል፣ እንጨቱን ያሻግታል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ደግሞ ለሰውም አደገኛ ነው።

ፍሳሹን ማግኘት

ጠብታው የሚወርድበት ቦታና ውሃው የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ውሃው ከላይ ገብቶ በእንጨቱ ላይ እየተንሸራተተ ይሄድና ሳፋው ከተቀመጠበት በላይ ይንጠባጠባል። በጠብታው አናት ላይ ብቻ ሬንጅ መቀባት ብዙ ጊዜ ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው። የተሻለው ዘዴ ጣሪያውን ከታች ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ በውሃ ማርጠብ ነው። አንድ ሰው በመጀመሪያ የታችኛውን ጠርዝ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የጎኑን መደረቢያ፣ በመጨረሻ የላይኛውን ጠርዝ ያረጥባል፤ ሌላው ከውስጥ ሆኖ ይመለከታል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ቦታ ስለሚያረጥብ ምንም አይታወቅም።

ፍሳሽ የሚመስል ነገር ግን ፍሳሽ ያልሆነም አለ። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ከማድ ቤት የሚወጣው እንፋሎት በፕላስቲኩ ሥር ውሃ ሆኖ ጠዋት ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይጥል የሚያፈስ ጣሪያ የሚያስፈልገው መጠገኛ ሳይሆን የአየር መውጫ ነው።

የመውደቅ አደጋ

ብርሃን ማስገቢያ ፕላስቲክ ሰው አይሸከምም። ያረጀና አቧራ የለበሰ ፕላስቲክ ከላይ ሲታይ ከቆርቆሮው አይለይም፤ አንዳንዴም ፍሳሽ ለማቆም ተብሎ ቀለም ወይም ሬንጅ ስለሚቀባ ጭራሽ ይሸሸጋል። ጠጋኙ ቆርቆሮ የረገጠ መስሎት ይረግጠዋል። በብዙ አገሮች የሥራ ደህንነት መመሪያዎች ማንኛውም የጣሪያ ብርሃን ማስገቢያ እንደ ክፍት ቀዳዳ እንዲቆጠር ያሳስባሉ። በመጋዘን ውስጥ ከጣሪያ እስከ ወለል ያለው ቁመት ከ5 ሜትር ሊበልጥ ስለሚችል ስህተቱ ሕይወት ያስከፍላል።

ወደ ጣሪያው ከመውጣት በፊት ፕላስቲኮቹ የት እንዳሉ ከውስጥ ሆኖ መቁጠርና ቦታቸውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከታች ብርሃናቸው በግልጽ ይታያል። ጣሪያው ላይ ቢያንስ ሦስት ማገር የሚያቋርጥ ወፍራም ጣውላ ተዘርግቶ በእሱ ላይ ብቻ ይኬዳል። በቆርቆሮውም ላይ ቢሆን ሚስማር በተመታበት መስመር መርገጥ ይሻላል፣ ከሥሩ እንጨት አለና። በዝናብ ወቅት ወይም ጤዛ ሳይደርቅ አይወጣም። ሠራተኛ ለሚያሠራ ድርጅት ይህ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል።

ጥገና

ፕላስቲኩ ገና ካልደረቀና ያፈሰሰው በሚስማር ቀዳዳ ብቻ ከሆነ፣ ሚስማሩ ተነቅሎ ሰፊ ጎማ ባለው ብሎን ይተካል። ቀዳዳው በትራፓኖ ከብሎኑ ውፍረት በጥቂት ሚሊ ሜትር ሰፍቶ ይበሳል፤ 6 ሚሊ ሜትር ለሆነ ብሎን 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እንደማለት ነው። ትርፉ ቦታ ፕላስቲኩ ሲለጠጥ የሚንቀሳቀስበት ሲሆን፣ ከላይ ጎማው ይሸፍነዋል። ብሎኑ ጎማው እስኪጨፈለቅ መጥበቅ የለበትም። አንዳንድ አናጢዎች «በደንብ ካልጠበቀ ያፈሳል» ብለው ያምናሉ፤ ለቆርቆሮ ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፣ ለፕላስቲክ ግን የስንጥቅ መነሻ ነው።

ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው አሮጌ የሸራ ጀልባዎች ናቸው። በጀልባዎቹ አናት ላይ ያለው ብርሃን ማስገቢያ በፀሐይና በባሕር ውሃ መካከል ስለሚኖር ጠርዙ ማፍሰሱ የተለመደ ነው። እዚያም የሚመከረው ፕላስቲኩን በብሎን ጨምቆ ከመያዝ ይልቅ ወፍራምና የሚለጠጥ ማጣበቂያ ላይ አሳርፎ እንዲንቀሳቀስ መተው ነው። ቀጭን የማጣበቂያ ንብርብር ሲሳብ ይላቀቃል፣ ወፍራሙ ግን ይለጠጣል።

የማጣበቂያው ዓይነት ትኩረት ይሻል። ሲቀባ እንደ አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን አሲድ ስለሚያወጣ የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላል፣ ለፖሊካርቦኔትም አይስማማም። ሽታ የሌለው ወይም ሽታው ቀላል የሆነው፣ በማሸጊያው ላይ ገለልተኛ መሆኑ የተጻፈበት ይመረጣል። ሬንጅ በፀሐይ ይለሰልሳል፣ በብርድ ይሰነጠቃል፤ ማሟሟቻው ደግሞ ፕላስቲኩን ይጎዳል። ርካሽ ስለሆነ ይዘወተራል እንጂ ከአንድ ክረምት ማሻገሪያነት አያልፍም። በማንኛውም ማጣበቂያ ቢሆን ቦታው ካልጸዳና ካልደረቀ አይይዝም፤ ስለዚህ በሐምሌ ዝናብ መሃል የሚሠራ ጥገና በሸራ ከመሸፈን ብዙም አይሻልም። የበልጉ ዝናብ ፍሳሹን ካሳየ በኋላ ያለው ግንቦት ጥሩ ጊዜ ነው።

ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኖ በጣት ሲጫኑት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ መለወጥ እንጂ መጠገን አያዋጣም። አዲሱ ሲገዛ የቆርቆሮው ቁራጭ ለማመሳከሪያ መያዝ አለበት። በጎን ቢያንስ አንድ ሽብሽብ ተኩል፣ በርዝመት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደረባል፤ የላይኛው ቆርቆሮ በፕላስቲኩ ላይ፣ ፕላስቲኩ ደግሞ በታችኛው ቆርቆሮ ላይ ይሆናል። የፖሊካርቦኔት ጨረር መከላከያ በአብዛኛው በአንድ ገጹ ብቻ ስለሆነ ምልክት ያለበት ገጽ ወደ ሰማይ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከተመታ መከላከያው ከሥር ሆኖ ምንም አይጠቅምም።

የጥገና ኃላፊነት

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በተከራዩ ላይ የሚወድቁ ጥገናዎች ካልሆኑ በቀር የተከራየውን ቤት የመጠገን ግዴታ የአከራዩ ነው፤ ያረጀ ጣሪያም በመደበኛው ሁኔታ የአከራይ ጉዳይ ነው። በተግባር ግን ሳፋ የሚያስቀምጠው ተከራዩ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚጠግነውም እሱ ነው። የቀበሌ ቤቶች ሁኔታ ከዚህ ይለያል። እነዚህ ቤቶች ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ባደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ የመጡ ሲሆን፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ ሥር ሆኑ። ኪራዩ በዚያው አዋጅ ስለተቀነሰና ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛ ሆኖ ስለቆየ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ ከዚያ አይገኝም ነበር። ነዋሪው ጣሪያውን በራሱ ወጪ ልለውጥ ቢል እንኳ ቤቱ የእሱ ስላልሆነ በቅድሚያ ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል።